ጥርስ የሌለው አዳኝ፤ ጣና ገና ያልወለደው ዓሣ

ከባሕር ዳር ገበያ አንድ ነጭ ዓሣ ገዝቶ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው፣ ዓሣው ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት አፉን ከፈት አድርጎ በጣቱ ቢዳስሰው አንድም ጥርስ አያገኝበትም። ድዱ እንደ አራስ ልጅ ድድ ባዶ ነው። ይሁን እንጂ በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት ከዚህ ዓሣ ዐሥራ አምስት ዓይነቶች መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ጥርስ የሌለው አንበሳ ተነሥቶ ሚዳቋ ሲያባርር አየሁ የሚል ሰው ቢመጣ ማን ያምነዋል? በጣና ውሃ ውስጥ ግን ነገሩ በየቀኑ የሚፈጸም ነው።

የእነዚህ ዓሣዎች ታሪክ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይሞላ ነበር። የዛሬው ነገራችን ግን በገበያ ላይ ስላለው ዓሣ ሳይሆን ገና ስላልተወለደው፣ ምናልባትም ከቶ ስለማይወለደው ዘሩ ነው። ነገሩ እንግዳ የሆነበት አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

በኤውሮፓ የተፈጥሮ ታሪክ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ አንድ ጨዋታ አለ። ዛሬ በሕይወት ያለውን አንድ እንስሳ ይይዙና ብዙ ሚሊዮን ዓመት ወደ ፊት ተጉዘው፣ ዘሩ ከዚያ ሲደርስ ምን ይመስል ይሆን ብለው ያስባሉ። ዱጋል ዲክሰን የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ የሥነ ምድር ዐዋቂ በ1981 «ከሰው በኋላ» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ጨዋታውን በዓለም ላይ አስታወቀው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) መጽሐፉ የሰው ልጅ ከጠፋ በኋላ፣ ከዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ወዲያ ያለችውን ምድር በሥዕል ያሳያል። በዚያች ምድር ዓሣ ነባሪዎች አልቀዋል፤ ባዶ የቀረውንም ባሕር የወረሱት ፔንጉዊን የሚባሉት የማይበርሩ ዋናተኛ ወፎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ «ፖርፒን» ይባላል፤ ረዥም ምንቃሩን አስቀድሞ እንደ ጦር እየተወረወረ ዓሣ የሚያድን ነው። ከዘመዶቹ ትልቁ «ቮርቴክስ» ደግሞ የጥንቱን ዓሣ ነባሪ ቦታ ይዞ ከውሃው ውስጥ ደቃቅ ፍጥረት እያጣራ ይኖራል።

ይህን የሰማ ሰው «ማንም ሥራ ፈት ይህን መሳል ይችላል» ይል ይሆናል። አይችልም። የዲክሰን ችግር ምን እንደ ነበረ እንመልከት። ወፍ ምንም ዋናተኛ ቢሆን እንቁላሉን የሚጥለው በየብስ ነው፤ የባሕር ዔሊ እንኳ ዕድሜዋን ሁሉ በባሕር ኖራ እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ ወደ አሸዋው እየተሳበች ትወጣለች። እንግዲህ በእግሩ መቆም የተሳነው፣ ቁመናው እንደ ዓሣ ነባሪ የሆነ ወፍ እንዴት ይራባል? ዲክሰን የሰጠው መልስ፣ ከፔንጉዊኖች አንደኛው ዘር ያችን አንዲት እንቁላሉን እስከምትፈለፈል ድረስ በሆዱ ውስጥ ማቆየት ቻለ የሚል ነው። እንዲህ የሚያደርግ ወፍ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ነገር ግን ብዙ እባቦችና እንሽላሊቶች ያደርጉታል፤ ከጥንቱ የባሕር አውሬዎችም ኢክትዮሳውር የሚባሉት ግልገሎቻቸውን በውሃ ውስጥ ይወልዱ እንደ ነበር ከነግልገላቸው ድንጋይ ሆነው የተገኙት አፅሞች ይመሰክራሉ። ስለዚህ ሐሳቡ ፈጠራ ቢሆንም ሕግ ያለው ፈጠራ ነው።

የዚህ ጨዋታ አባት ዲክሰን ነው ለማለትም አያስደፍርም። ቻርልስ ዳርዊን ራሱ በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ስለ አንድ ድብ ጽፎ ነበር። አንድ መንገደኛ በሰሜን አሜሪካ ጥቁር ድብ ለብዙ ሰዓት እየዋኘ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ እንደ ዓሣ ነባሪ በውሃው ላይ ያሉትን ነፍሳት ሲለቅም አይቷል። ዳርዊንም፣ እንዲህ ያለው ድብ ትውልድ ካለፈ ትውልድ ይበልጥ የውሃ ፍጥረት እየሆነ፣ አፉም እየሰፋ ሄዶ እንደ ዓሣ ነባሪ ያለ ጉድ ቢወጣው የሚከለክለው አይታየኝም አለ። ሳቁበት። እርሱም በኋለኞቹ እትሞች ዓሣ ነባሪውን ሰርዞ ድቡን ብቻ ሲዋኝ ተወው። ከዘመናት በኋላ፣ ያውም የዲክሰን መጽሐፍ በወጣበት በ1981፣ ከፓኪስታን ምድር የተቈፈረ ባለ አራት እግር የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያት ለዓለም ታወቀ። ቅድመ አያቱ የድብ ዘር አልነበረም፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሁሉ የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ሌሊት ሣር የሚግጠው ጉማሬ ነው። ዳርዊን በአያቱ ተሳሳተ እንጂ በመንገዱ አልተሳሳተም።

መንገዱን እንዲህ ብለን ብንመስለው ይቀልላል። በእግሩ ከጎንደር ወደ ሸዋ የሚወርድ የዱሮ መንገደኛ በየማደሪያው እራት ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ሸዋ መድረሱ ቀርቶ ሦስተኛውን ሌሊት አያልፍም። እንስሳም እንደዚሁ ነው። «ወደ ፊት ይጠቅመኛል» ብሎ ግማሽ ክንፍ ወይም ግማሽ ምንቃር ተሸክሞ የሚጠብቅ ፍጥረት የለም። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ በራሱ ዘመን ጠግቦ ማደር ይገባዋል። የጨዋታው ሕግ ይኸው ነው።

እኛም በዚሁ ሕግ አንድ አውሬ እንፍጠር። ከሩቅ ባሕር ፔንጉዊን መዋስ ሳያስፈልገን፣ ለዚህ ሥራ ከጣና የሚሻል ስፍራ ጥቂት ነው።

ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አይበልጥም፤ ከስፋቱ አንጻር ሰፌድ ነው ማለት ይቻላል። ከሐይቁ ሥር ከተቈፈረው ደለል እንደ ታወቀው፣ ከዛሬ 16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ዳግመኛ የሞላው። ከታች በኩል ደግሞ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ በር ዘበኛ ቆሞ፣ በታችኛው ዓባይ የሚኖሩት ትልልቅ ጥርሳም አዳኞች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ይከለክላል። ስለዚህ ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ማዕዱ ተዘርግቶ ነበር፤ ደቃቃ ዓሣ በብዛት ነበረ፤ እርሱን የሚበላ ግን ከአምባዛ በቀር እምብዛም አልነበረም። በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ሹመት ያገኘው፣ ለዚህ ሥራ ምንም ዝግጅት ያልነበረው፣ በወንዝ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እየለቃቀመ ይኖር የነበረው ነጭ ዓሣ ነው። ሊቃውንት ላቤዎባርቡስ ይሉታል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ ወስዶባቸዋል። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ የጣናን ዓሣ በየዓይነቱ ለይቶ ሰየመ፤ ከስሞቹም «ጎርጓሪ»፣ «ሱርኪስ»፣ «ቤሶ» የሚሉት ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሁሉንም ባርቡሶች መርምሮ፣ መልካቸው የሚለያይ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ከዚያ በኋላ ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ አገር ሊቃውንት በሐይቁ ላይ ለዓመታት ሠርተው፣ ምግባቸው፣ መኖሪያቸውና የአካላቸው ሥራ የተለያየ ዐሥራ አምስት ዓይነቶች መሆናቸውን አሳዩ። አዳኞቹን በስማቸው ብቻ ማወቅ ይቻላል፤ አንዱ ትልቅ አፍ፣ አንዱ ሹል አፍንጫ፣ አንዱ ትልቅ ዓይን የሚል የላቲንና የግሪክ ስም ይዘዋል።

አሁን ወደ ጥርሱ ነገር እንመለስ፤ አውሬያችን የሚወጣው ከዚህ ነውና። ነጭ ዓሣ ጥርስ ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም። ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ፣ ከስንጥቡ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ተተክሏል፤ የዋጠውን ምግብ ከራስ ቅሉ ሥር ካለው ጠንካራ ትራስ ጋር እያጋጨ ይፈጨዋል። በዚህ ላይ ጨጓራ የለውም። ከጉሮሮው ያለፈው ሁሉ በቀጥታ አንጀት ነው። ስለዚህ ስምንቱ አዳኞች ሁለት ገደብ አለባቸው። የያዙትን አጥብቀው መንከስ ወይም መቦጨቅ አይችሉም፤ በጉሮሮ ጥርሶቻቸው መካከል ባለው ጠባብ ቀዳዳ የማያልፈውን ግዳይም መዋጥ አይችሉም። ሰፊ አፍ ይዘው ትንንሽ ዓሣ ብቻ የሚያድኑት ስለዚህ ነው። ደጁ ሰፊ፣ እልፍኙ ግን ጠባብ እንደ ሆነ ቤት ማለት ነው።

አንድ የቢሮ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ጥርስ ስጠውና ተገላገል» አለኝ። አይቻልም። የዚህ ዓሣ ወገን የአፍ ጥርሱን የጣለው ከእጅግ ሩቅ አያቶቹ ጀምሮ ነው፤ ይህ ወገን በዓለም ላይ በሺሕ የሚቈጠሩ ዓይነቶች ሲኖሩት፣ የአፍ ጥርስ የሚያበቅል አይገኝበትም። የጠፋውን ዕቃ ከመፈለግ በቤት ባለው መሥራት ይሻላል። በቤት ያለው ደግሞ የቤሶ ከንፈር ነው።

ቤሶ በዚያው በጣና የሚኖር የነጭ ዓሣ የቅርብ ዘመድ ነው። የታችኛው መንጋጋው ጠርዝ እንደ ጥፍር ባለ ቀንድ መሰል ነገር የተሸፈነ ስለት ነው፤ በእርሱም ከድንጋይ ላይ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀ ይበላል። እንግዲህ ጣና ለአምስት ሚሊዮን ዓመት ሳይደርቅ፣ ፏፏቴውም ዘበኝነቱን ሳይተው ቢኖር ምን ይሆናል? ከነጭ ዓሣዎች አንዱ ዘር እንደ ቤሶ ስለታም ከንፈር አወጣ እንበል። በመጀመሪያ ድንጋይ ይፍቃል፤ ከአልጌው ጋር የተጣበቁትን የነፍሳት ዕጭ አብሮ ይበላል፤ እራቱን አገኘ። ቀጥሎ ሌላ ዓሣ ከአጠገቡ ሲያልፍ ከጎኑ ቅርፊት ይፍቅበታል። ይህ እንኳ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በታንጋኒካ ሐይቅ የሌሎችን ዓሣ ቅርፊት እየመነጨቀ ብቻ የሚኖር ዓሣ አለ፤ አፉ ወደ ቀኝ የተጣመመው የግዳዩን ግራ ጎን፣ ወደ ግራ የተጣመመው ደግሞ ቀኝ ጎኑን ያጠቃል። በሦስተኛው ማደሪያ ስለቱ ከታችም ከላይም ይሆንና ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ክንፍና ሥጋ መቍረጥ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ምንቃር ነው። ዔሊም ወፍም ጥርሳቸውን ጥለው በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

ስሙን «ምንቃሬ» ብዬዋለሁ።

ምንቃሬ የአንድ ሰው ክንድ ተኩል የሚያህል፣ ጀርባው እንደ ደለል ቡናማ፣ ሆዱ የገረጣ ዓሣ ነው። ትልቅ ዓይን አልሰጠሁትም። የጣና ውሃ ከተራቈተው እርሻ በሚታጠበው አፈር እየደፈረሰ መሄዱ የታወቀ ነውና፣ በድፍርስ ውሃ በዓይኑ የሚተማመን አዳኝ ጦሙን ያድራል። በዚህ ፈንታ ነጭ ዓሣ ከአባቶቹ የወረሳቸውን በአፉ ዳርና ዳር ያሉትን ጢሞች አስረዝሜለታለሁ፤ እንደ ዓሣ ሁሉ በጎኑ ላይ ያለውን የውሃ ንቅናቄ የሚሰማበትን መስመርም አበርትቼለታለሁ። ሲያድን አያሳድድም። ከጭቃው ላይ ተኝቶ ይጠብቅና የሌላው ዓሣ ጅራት ውሃውን ሲያናውጥ ብድግ ብሎ ከጎኑ አንድ ጉርሻ ቈርጦ ይወርዳል። ሙሉውን ለመዋጥ አይሞክርም። በጉርሻ ልክ ስለ ቈረጠው የጉሮሮው ጥበት አያስቸግረውም፤ የጨጓራው አለመኖርም እንደዚሁ፤ የጉሮሮ ጥርሱ ይፈጭለታል። ሁለቱንም ገደብ ሳያፈርስ አለፋቸው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳገኝ አንድ ምሽት ሙሉ ደስ ሲለኝ አደረ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የት ይጠብቅ የሚለው ነው። ለዚህ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከዐሥራ አምስቱ ዓይነቶች ግማሽ የሚያህሉት በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉና። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ከሐይቁ ጋር ከሚገናኝበት አፍ ላይ እንደ ገበያተኛ ይሰበሰባሉ። ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፊ ሐይቅ ተበታትኖ የኖረ ሥጋ በጥቂት ሳምንት በጠባብ በር ያልፋል። አስተዋይ አዳኝ ከዚህ ሌላ ቦታ አይመርጥም። ምንቃሬ በዚያ ጊዜ ጠግቦ ስቡን ያከማቻል፤ በበጋ በሸምበቆው ጥግ አምባዛና የሞተ ዓሣ እየቀመሰ ይቈያል፤ የራሱን እንቁላል በሐይቁ ውስጥ ስለሚጥል ወደ ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም። ቍጥሩም ጥቂት ሆኖ ይቀራል፤ ቢበዛ ገበያው ይጠፋበታልና።

እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ለምንቃሬ ያዘጋጀሁለት ወንበር ሰው እንደ ተቀመጠበት ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ከዳር እያሉ ከጣና ዓሣ ሲያወጡ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ ሐይቁም ችሎት ኖሯል። በ1986 ሞተር ጀልባና ረዣዥም የናይሎን መረብ ገቡ። ዓሣ አጥማጁም እንደ እኔ አውሬ አስተዋይ ነውና መረቡን የት እንደሚዘረጋ ለማወቅ አልተቸገረም፤ በክረምት፣ በወንዞቹ አፍ ላይ። ጥፋተኛ ለማለት አይደለም፤ ልጆቹን የሚያበላ ሰው ዓሣው ከሚሰበሰብበት ትቶ ዓሣ ከሌለበት መረብ ጣል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ውጤቱን የሐይቁ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲከታተሉት፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች እጅግ እያነሱ መሄዳቸውን፣ ከሁሉም ይልቅ ታዳጊዎቹ መመናመናቸውን አገኙ። እነዚህ ዓሣዎች ቶሎ አያድጉም፤ እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘችውን የሚተካ በቶሎ አይመጣም። ከ2011 ወዲህ የእንቦጭ አረም ዳርቻውን ማልበሱ፣ ከወንዞቹም አሸዋ መዛቁና ውሃው ለመስኖ መጠለፉ ተጨምሯል።

የእኔ አዳኝ መንገዱን ለመሄድ አምስት ሚሊዮን ዓመት ሲጠይቅ፣ ናይሎኑ ከፋብሪካ ወጥቶ ወንዙ አፍ ድረስ ለመምጣት በመርከብና በመኪና ጥቂት ሳምንት በቂው ነው። በተጨማሪም ምንቃሬ በየደረጃው ግዳዩ ሲያንስ እርሱም ያንሳል፤ መረብ ግን ዓሣ ሲጠፋ ዐይኑ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ በረኃብ አይሞትም።

ከጣና ጋር የሚመሳሰል ሌላ የዚህ ወገን ዓሣዎች የበዙበት ሐይቅ ነበር፤ በፊሊፒንስ አገር ያለው ላናዎ። በዚያ ሐይቅና ከእርሱ በሚወጣው ወንዝ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ዓይነቶች ዐሥራ አምስቱ ፈጽሞ መጥፋታቸውን የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 አስታውቋል። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሣዎችና ያለ ልክ ማጥመድ ናቸው ያጠፏቸው። እንዲህ ያለ የባርቡስ ዘመዶች ትልቅ ስብስብ በሐይቅ ውስጥ በሕይወት የሚታየው አሁን በጣና ነው ማለት ነው። ለዚህም ነው ፏፏቴውን ዘበኛ ያልኩት፤ ነገር ግን ዘበኛው በባልዲ የሚመጣውን አያይም። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ የተጨመረው የናይል ፐርች በዚያ ከነበሩት ደቃቃ ዓሣዎች ብዙ ዓይነቶችን ጨርሷል፤ ያ ጥርሳም ዓሣ በእኛም አገር በጫሞና በአባያ ሐይቆች ይገኛል። አንድ ሰው «ጣናን ላለማ» ብሎ ጥቂት ግልገል በጀሪካን ይዞ ቢመጣ፣ ምንቃሬም አያቶቹም በአንድ ቀን ታሪክ ይሆናሉ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ያ ዓሣህ ይወለዳል ወይስ አይወለድም?» አለኝ። የጠየቀኝ ስለ አንድ የታወቀ ዘመድ ጤና እንደሚጠየቅ ሆኖ ነበር፤ እኔም መልስ አጣሁለት። ከስምንቱ አዳኞች ወደ ወንዝ የሚወጡት አሉ፤ በሐይቁ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ የሚመስሉትም አሉ። የቀሩት ቢቀሩ ምንቃሬ ከኋለኞቹ ወገን ሊመጣ ይችል ይሆናል። ለእርሱ ግን ምን ይበላል የሚለውን እንደገና መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።

ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ አንባቢ ቢኖር፣ በገበያው ላይ የተደረደረውን ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ አድርጎ አይለፈው። ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ አፉ እስከ ዓይኑ ሥር የሚደርስ ሰፊ የሆነውን ይምረጥና ከንፈሩን ገልጦ ይየው። ከስምንቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሻጩንም ከየትኛው ወንዝ አፍ እንዳወጣው ቢጠይቀው ያለ ችግር ይነግረዋል።